ፋይልን ከኢማክስ ወደ ውጭ ፕሮግራም መላክ፦ የኦርግ ሞድ ደንብ ወይስ የሲስተሙ ምርጫ?

ሊነክስ ላይ ከኦርግ ሞድ (ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ ያለ የማስታወሻና የሰነድ መጻፊያ) የፒዲኤፍ ሊንክ ሲከፈት የትኛው ፕሮግራም እንደሚነሳ በሁለት መንገድ መወሰን ይቻላል።

አንደኛው «ኦርግ-ፋይል-አፕስ» (org-file-apps) በሚባለው የኦርግ ሞድ ዝርዝር ውስጥ ለየፋይሉ ዓይነት ትእዛዝ መጻፍ ነው። ትልቁ ጥቅሙ የገጽ ቁጥር ማሳለፉ ነው፤ ደንቡ ቁጥሩን በቅንፍ የሚይዝ ሬጌክስ (የጽሑፍ ቅርጽ መፈለጊያ ቀመር) ካለውና ትእዛዙ ቁጥሩን ከተጠቀመበት፣ «::5» ብሎ የሚያልቅ ሊንክ የፒዲኤፍ ማንበቢያውን ኢቪንስን በቀጥታ 5ኛው ገጽ ላይ ይከፍታል። ረጅም ሰነድ እያጣቀሰ ለሚጽፍ ሰው ይህ በጣም ይጠቅማል።

ሁለተኛው ሁሉንም ለ«ኤክስዲጂ-ኦፕን» (xdg-open)፣ ፋይልን ሲስተሙ በመረጠው ፕሮግራም ለሚከፍተው የሊነክስ ትእዛዝ፣ መስጠት ነው። ምርጫው አንዴ ሲስተሙ ላይ ከተስተካከለ ኢማክስም ፋይል ማናጀሩም ያንኑ ይከተላሉ። የገጽ ቁጥር ግን አያሳልፍም።

እዚህ ብዙ ሰው የሚያደናግር ችግር አለ፦ ራስ በጻፉት የኢማክስ ፋንክሽን ውስጥ ኤክስዲጂ-ኦፕን በ«ስታርት-ፕሮሰስ» (start-process፣ የውጭ ፕሮግራም ማስነሻ) ሲጠራ፣ የተከፈተው መስኮት ብልጭ ብሎ ሊጠፋ ይችላል። ኤክስዲጂ-ኦፕን ፕሮግራሙን አስነስቶ ወዲያው ይወጣል፤ ኢማክስ ለዚሁ ከጀርባ የከፈተው ምናባዊ ተርሚናል ሲዘጋ የተነሳው ፕሮግራም አብሮ ይሞታል። «ፕሮሰስ-ኮኔክሽን-ታይፕ» (process-connection-type) የተባለውን የኢማክስ ቅንብር ኒል (nil፣ ማለትም «የለም») ማድረግ ይፈታዋል።

ለፒዲኤፍ የመጀመሪያው፣ ለምስል፣ ለቪዲዮና ለቢሮ ሰነዶች ሁለተኛው ይሻላል። ሁለቱም በአንድ ዝርዝር ውስጥ አብረው ይሠራሉ።