«ከዛፍ የወጣ ንጹህ ሙጫ ነው» ብሎ ለሚሸጥላችሁ ሰው ብር ከመላካችሁ በፊት

እጣን በስልክ እያዘዛችሁ የምትገዙ፣ እባካችሁ ይቺን አንብቡ። እኔ ተበልቻለሁ፣ እናንተ አትበሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሚካኤል ዘመድ ቤቴ ስለሚሰበሰብ ሁለት ኪሎ አዘዝኩ። ማስታወቂያው «የመተማ አንደኛ ደረጃ፣ ነጭ» ይላል፤ ፎቶው ላይ ያለው ፍሬ ትልልቅ፣ ፈካ ያለ፣ ዓይን የሚስብ። ዋጋው ደግሞ ሰፈሬ ካለው ሱቅ በግማሽ ያነሰ። (ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፣ አውቃለሁ፣ አትንገሩኝ።) ደውዬ «እውነተኛ ነው ወይ?» ስለው «እህቴ፣ ከዛፍ የወጣ ንጹህ ሙጫ ነው፣ ምንም አልተቀላቀለበትም» አለኝ። ላክሁለት።

ቡናው ተቆላ፣ ቄጤማው ተጎዘጎዘ፣ ማጨሻው ላይ ፍሙ ደመቀ። አክስቴ ቆንጠር አድርጋ ጣል አደረገችበት። ጠበቅን። ፍሬዎቹ አበጥ አበጥ አሉ፣ ከዚያ ጠቆሩ፣ ከዚያ ቤቱን ያረረ ስኳር ሸተተው። የእጣን ሽታ ዝር አላለም። አክስቴ ደግሞ የዋዛ ሴት አይደለችም፤ ጎንደር እጣን መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ስትለቅም የኖረች ናት። አንዷን ፍሬ አፏ ውስጥ ጣል አድርጋ ትንሽ አላመጠችና «አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ የግራር ሙጫ ነው!» አለችኝ። እንግዳ ፊት። በሚካኤል።

የሚያናድደው ሰውዬው አለመዋሸቱ ነው። ከዛፍ ነው የወጣው፣ ንጹህም ነው። እኛ ከዛፍ ጠብ ብሎ የደረቀውን ሁሉ ሙጫ ነው የምንለው፤ የግራሩም ሙጫ፣ የእጣኑም ሙጫ፣ ወረቀት የምንለጥፍበትም ሙጫ። እሱ በዚህች ቀዳዳ ነው የገባው።

እስቲ እንለየው። በዛፍ ውስጥ የሚዘዋወር ፈሳሽ አለ፤ የአፈሩን ማዕድን ይዞ ከሥር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቅጠል የሠራውን ስኳር ይዞ ደግሞ ይወርዳል። ይሄ የዛፉ ምግብ ነው፣ አብዛኛው ውሃ ነው። ካናዳ ያላችሁ ሜፕል የሚባለውን ዛፍ ታውቁት ይሆናል፤ 40 ሊትር ያህል ፈሳሽ ቀድተው፣ አፍልተው አፍልተው ነው አንድ ሊትር ሽሮፕ የሚወጣቸው። ቢያጣፍጥ እንጂ ለማጨሻ አይሆንም።

ሬዚን የሚሉት ሌላ ነው። እሱ የዛፉ መድኃኒት ነው በሉት። ዛፉ ሲቆስል ቁስሉን ይደፍንበታል፣ ነፍሳትና ሻጋታ ይከላከልበታል። ውሃ አያሟሟውም፣ አልኮል ግን ያሟሟዋል። ሙቀት ሲያገኘው ይቀልጣል፣ ውስጡ ያለው ዘይት ይተናል፤ ቤቱን የሚያውደው እሱ ነው። የግራር ሙጫ ደግሞ ከስኳር ወገን ነው፤ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ያልቃል፣ ያ ዘይት ስለሌለው አይሸትም። መጥፎ ነገር ሆኖ አይደለም፤ ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ ውስጥ ይገባል፣ መለያው ላይ ኢ414 የሚል ካያችሁ እሱ ነው። እጣን የሬዚንና የሙጫ ድብልቅ ነው፣ የሚበዛው ግን ሬዚኑ ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ ለፈተናው ትጠቅማለች።

አክስቴ ቡናው ሳይነሳ ሱቅ ልካ ትንሽ እውነተኛ እጣን አስመጣችና ጎን ለጎን አሳየችኝ። መጀመሪያ አፍ ውስጥ ነው። እጣን ይፈረፈራል፣ መረር ይላል፣ ሲያኝኩት ተሰብስቦ ማስቲካ ይሆናል። የግራሩ ጥርስ ላይ ተጣብቆ ቀስ እያለ ይሟሟል፣ ጣዕምም የለው። ሲሰበርም ይለያል፤ የግራሩ ስብራት እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፣ እጣን ፈዘዝ ያለ ነው፣ ላዩም ዱቄት የነካው ይመስላል። ማታ ሁለቱንም በየብርጭቆው ውሃ ውስጥ አሳደርናቸው። ጠዋት የእጣኑ ውሃ ወተት መስሏል፣ ፍሬው ግን እዚያው ከሥር ተቀምጧል። የግራሩ ፍሬ ከነጭራሹ የለም፤ ማንኪያ ስከትበት ውሃው ይዝለገለጋል።

በውሃ ብቻ ግን እንዳትታለሉ። ፓይን ከሚባለው ዛፍ የሚወጣውም እውነተኛ ሬዚን ስለሆነ የውሃውን ፈተና ያልፋል። እሱን የሚያጋልጠው ፍም ነው፤ ቶሎ ቀልጦ ይፈሳል፣ ጥላሸት የሚመስል ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሽታው የቀለም ማቅጠኛ ነው። ማሲንቆ የሚጫወት ጎረቤት ያላችሁም ሰጥታችሁ አስሞክሩት፤ የደጋኑን ጭራ በእጣን ነው የሚያሸው፣ የግራር ሙጫ ድምፅ አያወጣለትም።

ዋጋውንም አስቡት። እጣን ዛፉ በበጋ፣ በዚያ የመተማ ሙቀት፣ ምንጋፍ በሚባል መሣሪያ ቅርፊቱ እየተላጠ፣ ሰው በየጊዜው እየተመላለሰ የሚለቅመው ነው። ዛፉም እየተመናመነ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በ20 ዓመት ውስጥ ምርቱ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል ብሏል። እና ማን ነው አንደኛ ደረጃውን በግማሽ ዋጋ የሚሰጣችሁ? አቅም ካጠረ ዝቅ ያለውን ደረጃ ግዙ። እጣን ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ይመደባል፤ ትልልቁና ነጩ ከላይ፣ ዱቄትና ቅርፊት የበዛበት ከታች። አክስቴ ራሷ ለቤቷ ደቃቁን ነው የምትገዛው፣ «ጭሱ መልክ የለው» ትላለች።

ሰውዬውን ደወልኩለት። «እህቴ፣ ሙጫ ነው አልኩሽ እኮ፣ እጣን ነው መቼ አልኩ?» አይለኝ መሰላችሁ! ማስታወቂያውን ተመልሼ አየሁት፤ እውነትም «እጣን» የምትል ቃል የለችበትም። በማግስቱ ስልኬን ዘጋብኝ። ስለዚህ «እጣን» የምትለዋን ቃል በጽሑፍ ያስቀምጥላችሁ፣ ዕቃው ሲመጣም አንዷን ፍሬ አላምጣችሁ ነው የምትከፍሉት። እምቢ ካለ ይሂድ።

ሁለቱን ኪሎ አልጣልኩትም። ጥቂቱን በሙቅ ውሃ በጥብጬ የልጄን ደብተሮች በሙሉ ሸፈንኩበት። ጥብቅ ነው ያለው።