እጄን ሳነሳ ላቆመችው ሲስተር

ከዓመት በላይ በሆዴ የያዝኩትን ምስጋና ዛሬ ልጻፈው።

ከግንኙነት በኋላ ደም ይታየኝ ነበር። ሦስት ቦታ ሄድኩ። አንዱ ጋ "ኢንፌክሽን ነው" ተብዬ መድኃኒት ተጻፈልኝ። ሁለተኛው ጋ ማንም ሳያየኝ ያው መድኃኒት ተደገመልኝ። ሦስተኛው ጋ ስለ ደሙ ብጠይቅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ "ባልሽን ጠይቂው" ተባልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ በኋላ ለስምንት ወር ዝም አልኩ። እናቴም ዝም ብላ ነው የሄደችብኝ፤ ሐኪም ፊት ስትደርስ ካንሰሩ ከማህፀን በር አልፎ ተሰራጭቶ ነበር።

ጓደኛዬ እየጎተተች እዚህች ሲስተር ጋ ወሰደችኝ። ገና ሳልተኛ ወረቀት ላይ ሥላ አስረዳችኝ። የማህፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁሌም መነሻው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ብዙ ሰው ይይዘዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል፣ የማንም ነውር አይደለም። ሳይጠፋ ቢቀር እንኳ ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፤ የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው ላይ ግን ይፈጥናል።

ከዚያ "ከፈራሽ እጅሽን አንሺ፣ አቆማለሁ" አለችኝ። አነሳሁ። እውነትም አቆመች! ደጁ በወረፋ ሞልቶ ሳለ ጓንቷን አውልቃ አጠገቤ ተቀመጠች። አለቀስኩ፣ የእናቴን ነገር ሁሉ ዘረገፍኩላት። አንዴም ሰዓቷን አላየችም።

ኮምጣጤ የመሰለ ነገር ቀብታ ስታይ የነጣ ቦታ አገኘች። ሐኪም ጠራች፣ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ ራሷ ደወለችልኝ፦ "ካንሰር አይደለም የኔ እህት። ቆይቶ ካንሰር ሊሆን የሚችል ለውጥ ነው፤ ደርሰንበታል።" የታከምኩበት መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ዛሬም አልገባኝም፣ ብቻ ብዙም ሳልቆይ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በዓመቱ ተመልሼ ስታይ ንጹህ ነው ተባልኩ።

በእሷ ምክር ልጄን አስከተብኩ። ክትባቱ በዋናነት ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች ነው፤ ብትከተብም ስታድግ መመርመሯ እንደማይቀር ነግራኛለች።

እህቶቼ፣ 30 ዓመት የሞላችሁ ምንም ባያማችሁም ተመርመሩ። ከኤች አይ ቪ ጋር የምትኖሩ ከ25 ጀምሩ። ደም ያያችሁ ደግሞ አንድ ቀን አትደሩ። እሷ ጋ ሂዱ፣ እባካችሁ እሷ ጋ ሂዱ! ሳላስፈቅዳት ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ።

ሲስተርዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ክፉ አይንካሽ። ታናሽ እህቴ 32 ዓመቷ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት እኔው ይዣት እመጣለሁ።