ልጄን ለበረራ ዲስፓቸርነት ላበቁልን መምህር ምስጋና፣ ልጅ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ልጄ ባለፈው ሳምንት ስልጠናውን ጨርሶ በአንድ አየር መንገድ የበረራ ዲስፓቸር ሆኖ በራሱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ከሁለት ዓመት በላይ ጠብቄአለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን። ከእሱ ቀጥሎ የማመሰግናቸው አንድ ሰው አሉ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣው ስለለመኑኝ እኔም ልጄም እንደምንጠራቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ዲስፓቸር ስላችሁ ለጭነት መኪና ሥራ የሚያፈላልገው ሰው እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ያለን ሐበሾች ቃሉን የለመድነው በዚያ ነው። ልጄ መጀመሪያ ሲነግረኝ እኔም "ለዚህ ደግሞ ፈተና ምን ያደርጋል? የአጎትህ ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልክ ይሠራው የለም ወይ?" ብዬው ነበር። የአውሮፕላኑ ሌላ ነው። በረራውን ከመሬት ሆኖ የሚያቅደው፣ የአየሩን ጠባይ የሚያየው፣ ነዳጁን የሚያሰላው፣ ከተነሳም በኋላ እስኪያርፍ ድረስ ዓይኑን የማይነቅለው ሰው ነው። በአሜሪካ ሕግ ኃላፊነቱ የካፒቴኑና የዲስፓቸሩ የጋራ ነው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ አውሮፕላኑ አይነሳም። ይህንን የሰማሁ ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያን ሁሉ ሕዝብ የእኔ ልጅ ሊሸከመው ነው ወይ ብዬ።

ልጄ አምስት ዓመት በዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ሻንጣ ሲጭን ኖሯል። በክረምት ሌሊት ተረኛ ሲሆን ጠዋት የሚገባው ጣቶቹ ደርቀው ነው። ጓንቱን ማሞቂያው ላይ ዘርግቼ አደርቅለታለሁ፤ እሱ እዚያው ሶፋው ላይ ደብተሩን ደረቱ ላይ አድርጎ ይተኛል። የዲስፓቸር ትምህርት ቢያንስ 200 ሰዓት ነው። ከዚያ 80 ጥያቄ ያለው የጽሁፍ ፈተና አለ፣ ማለፊያው 70 በመቶ ነው። ከዚያ ደግሞ የቃልና የተግባር ፈተና። ሁሉንም ከሥራ በተረፈችው ሰዓት ተምሮ፣ ባጠራቀምነው ገንዘብ ከፍሎ ፈቃዱን አገኘ። እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ጎረቤት ጠርቼ ቡና አፈላሁ። አላለቀም። ፈቃድ መያዝና አየር መንገድ መቀጠር ለየቅል ናቸው። አየር መንገዱ ራሱ እንደገና የዕውቀት ፈተና ይሰጣል፣ ከዚያ ቃለ መጠይቅ ያደርጋል።

እዚህ ላይ ነው መከራችን የጀመረው። ስም አልጠራም፤ ለእግዚአብሔር ሰጥቻቸዋለሁ። ግን ሌላ ሰው እንዳይጎዳ የደረሰብንን ልናገር።

መጀመሪያ ልጄ የተማረበት ቦታ አንድ አስተማሪ በተማሪዎች ሁሉ ፊት "በዚህ አነጋገርህ ካፒቴን የሚሰማህ ይመስልሃል?" አለው። ልጄ ይህንን የነገረኝ ከስድስት ወር በኋላ ነው። በዚያ ስድስት ወር ውስጥ ቤት ውስጥ እንኳን ድምፁ እየቀነሰ መሄዱን አይቼ ምክንያቱን አላወቅሁም ነበር። ቀጥሎ ለቃለ መጠይቅ እናዘጋጃለን የሚሉ ሰዎች 600 ዶላር ተቀበሉን። የላኩት ያረጁ ጥያቄዎች ክምር ነው። አንዱ ጥያቄ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደግሞ፣ መልሱ አንዴ ሀ አንዴ መ ይላል። ልጄ ለመጠየቅ ሲደውል ስልኩ አይነሳም፤ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ግን በመጀመሪያው ጥሪ ነበር የሚያነሱት። ከሁሉ የከፋኝ ሦስተኛው ነው፤ የእኛው ሰው ነበረና። "ውስጥ ሰው አለኝ፣ ፈተናም አያስፈልገውም" ብሎ ቤቴ ገብቶ፣ እንጀራዬን በልቶ፣ የሁለት ወር የቤት ኪራዬን ይዞ ሄደ። እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ፊቱን ያዞራል።

ልጄ ሁለት ጊዜ ወደቀ። በመጀመሪያው የዕውቀት ፈተናውን አላለፈም። በሁለተኛው ፈተናውን አልፎ ቃለ መጠይቁ ላይ ቀረ። ያን ቀን ማታ የሥራ ልብሱን ለብሶ ምንም ሳይናገር ሻንጣ ሊጭን ሄደ። እናት የሆነች ታውቀዋለች።

ጋሼን ያገኘናቸው በእድራችን በኩል ነው። አንዲት እህት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ጭንቀቴን ስነግራት "ዕድሜአቸውን በዚሁ ሥራ የጨረሱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው አውቃለሁ" አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ያኔ ሰው ማመን ትቼ ነበር። ስደውልላቸው መጀመሪያ የጠየቅኋቸው "ውስጥ ሰው አለኝ ይላሉ ወይ?" ብዬ ነው። "የለኝም እህቴ። ሥራ ማስገባት አልችልም። ፈተናው ፊት ሲቀመጥ እንዳይደነግጥ ማድረግ ግን እችል ይሆናል" አሉኝ። ያቺን "ይሆናል" የምትል ቃል ወደድኳት። ከእሳቸው በፊት የመጣው ሁሉ እርግጠኛ ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ድረስ፣ አሌክሳንድሪያ፣ በዚያ በ495 አውራ ጎዳና መጨናነቅ ነድተው መጡ። መጽሐፍ አልያዙም። ልጄን አስቀምጠው ነጭ ወረቀት ሰጡትና "የወደቅህበትን ፈተና የምታስታውሰውን ያህል ጻፍልኝ። መጀመሪያ በትክክል የመለስከውን ብቻ ጻፍ" አሉት። ልጄ ግራ ገብቶት ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ መጻፍ ጀመረ። እኔ ቡናው ላይ ነበርኩ፤ ሦስተኛው እስኪወርድ ጻፈ። ቆጠሩለትና "ይኸው፣ አሥራ ሰባት የምታውቀው ነገር አለህ። የጎደለህን ከዚህ ተነስተን እንፈልገዋለን" አሉት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው የማያውቀውን ብቻ ሲቆጥርለት ለኖረ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መግለጽ አልችልም። ወደ ማዕድ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሲመጣ ቤታችን ትምህርት ቤት ሆነ። የማቀዝቀዣው በር የአየር ጠባይ ምሕጻረ ቃላት በተጻፉበት ወረቀት ተሞላ። ቲ ኤስ ነጎድጓድ ነው፣ ኤፍ ጂ ጉም፣ ቢ አር ጭጋግ፣ ኤስ ኤን በረዶ። ወተት ላወጣ በሄድኩ ቁጥር እያነበብኩ እኔም ሸመደድኩት። አንድ ሁለት ሦስት የሚሉት ነገርም አለ። አውሮፕላኑ ይደርሳል ከተባለበት ሰዓት አንድ ሰዓት በፊትና አንድ ሰዓት በኋላ ያለው ትንበያ ይታያል። የደመናው ከፍታ ከ2,000 ጫማ፣ የዓይን እይታው ደግሞ ከ3 ማይል እንዳያንስ ይፈለጋል፤ ካነሰ ተለዋጭ ማረፊያ መመዝገብ ግድ ነው። ነዳጁም መድረሻው ድረስ፣ ከዚያ እስከ ተለዋጩ፣ በዚያ ላይ የ45 ደቂቃ መጠባበቂያ ይያዛል። ከዚህ ያለፈውን፣ የክብደቱንና የሰንጠረዡን ነገር፣ አልተከታተልኩም። ልጄ ግን ጥያቄ ሲመጣለት "መልሱ ሐ ነው" ማለቱን ትቶ "ምክንያቱም" ማለት ጀመረ።

አንድ ቅዳሜ ያየሁትን ግን እስክሞት አልረሳውም። ጋሼ ስልካቸውን ይዘው ወደ ደረጃው ወጡና በሩን ዘግተው ለልጄ ደወሉለት። እሳቸው ካፒቴን ናቸው፣ እሱ ዲስፓቸር። ከበሩ ኋላ በእንግሊዝኛ ሲቆጡ ይሰማኛል። ዘግይቻለሁ፣ መንገደኛው ተቆጥቷል፣ ተጨማሪ ነዳጅ አልጠብቅም፣ አሁኑኑ ልቀቀኝ ይላሉ። ልጄ "እሺ ጌታዬ፣ ይቅርታ" አለ። ስልኩ ተዘጋ። ጋሼ ገቡና በለሆሳስ "ለምን እሺ አልከኝ?" አሉት። ልጄ አንገቱን ደፍቶ "ተቆጡ... ትልቅ ሰው ነዎት" አለ። እኔ ነኝ እንደዚያ ያሳደግሁት። ትልቅ ሰው ሲቆጣ ዓይን ዓይኑን አትይ፣ መልስ አትስጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ያ ገብቷቸዋል። አልተቆጡትም፣ አስተዳደጉንም አልነቀፉም። "እናትህ ያስተማረችህ አክብሮት ትክክል ነው፤ አትጣለው። እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ግን ሰውየውን የምታከብረው እምቢ በማለት ነው። ከኋላው የተቀመጡትን አስብ" አሉትና ተመልሰው ወጡ።

ሁለተኛ ደወሉ፤ ልጄ ተንተባተበ። ሦስተኛ ደወሉ። ልጄ ቆመ። ወንበሩን ገፍቶ ቆመና ቀስ ባለ ድምፅ፣ ሳይቸኩል፣ "ካፒቴን፣ መቸኮልዎ ይገባኛል። በዚህ ነዳጅ ግን ልለቅዎ አልችልም። ምክንያቱን ልንገርዎት" አለ። ያ ድምፅ የሟች አባቱ ድምፅ ነበር። የጀበናው ክዳን ከእጄ ወደቀ።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልጨምር። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ስንመጣ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ወደ አገራችን ስንሄድ ግን በቀጥታ ይገባል። ባለፈው ስመጣ ደብሊን ላይ ከመቀመጫችን ሳንነሳ ቆይተናል። ለምን ይሆን እያልኩ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ። አንድ ቀን ጋሼ ልጄን "ለእናትህ በአማርኛ አስረዳት" አሉት። ልጄ የስኒውን ማስቀመጫ ቦሌ አደረገው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፣ ደለስ 100 ሜትር እንኳን አይሞላም አለኝ። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ክንፉም የሚይዙት አየር ስለሚያንሳቸው አውሮፕላኑ ሰውንና ሻንጣን ጭኖ እስከ አሜሪካ የሚበቃ ነዳጅ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል፤ ወደ ምዕራብ ሲመጣ ደግሞ ነፋሱ ከፊት ነው። "ሌላ ጊዜ ደብሊን ስታርፉ እንዳትነጫነጪ እማዬ" አለኝ። ጋሼም "በአማርኛ ለእናትህ ካስረዳህ በእንግሊዝኛ ለእነሱ አያቅትህም" አሉ። ነገሩ እውነት ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ሸምድዶት እንጂ ገብቶት አልነበረም።

የሦስተኛው ቃለ መጠይቅ ዋዜማ ጋሼ ምንም አላስጠኑትም። ሸሚዙን አስተኮሱት፣ ቀድሞ እንዲተኛ አዘዙት። አንድ ነገር ብቻ አሉት፤ "የማታውቀውን አላውቅም በል። ከየትኛው መመሪያ እንደምታገኘው ግን ንገራቸው።" በማግስቱ ሁለት ጥያቄ ላይ እንደዚያ ብሎ መልሷል። ከጠያቂዎቹ አንዱ ደግሞ የተቆጣ ካፒቴን ሆኖ ነዳጅ አልጨምርም አለው። ልጄ ሲነግረኝ "እማዬ፣ የጋሼን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ፍርሃቴ በአንዴ ለቀቀኝ" አለኝ። ከአሥር ቀን በኋላ ተቀብለንሃል የሚል ደብዳቤ መጣ።

ለጋሼ ጋቢ ወሰድኩላቸው። ሂሳባቸውን ከመጀመሪያው በተነጋገርነው ልክ ብቻ ነው የተቀበሉት፤ የጨመሯቸውን አራት ቅዳሜዎች አልቆጠሩም። ጋቢውንም በስንት ልመና ነው የወሰዱልኝ። ጋሼ፣ ይህንን ካነበቡት፣ ጉልበትዎን ይባርክልዎት፤ የልጅ ልጅ ያሳይዎት።

እናንተ አንባቢዎቼ ደግሞ እባካችሁ፣ በአየር ማረፊያ ሻንጣ የሚጭን፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ፣ ይህንን ፈቃድ ይዞ ቃለ መጠይቅ እየፈራ የተቀመጠ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ወደ እኒህ ሰው ላኩት። ውስጥ ሰው አለኝ ለሚላችሁ አንድ ዶላር አትስጡ። አትስጡ! እኔ ሰጥቼ አይቼዋለሁ። ጋሼ በአንድ ጊዜ ከሦስት ተማሪ በላይ አይቀበሉም። አሁን ሁለት ይዘዋል፤ አንዷ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ከእኛ ቤት ቡና ላይ አግኝቻታለሁ። አንድ ቦታ ቀርቷል ብለውኛል። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ሲሄድ ባዶ እጁን አይሂድ፤ የወደቀበትን ፈተና የሚያስታውሰውን ያህል ጽፎ ይያዝ፣ በትክክል ከመለሰው ጀምሮ።