ላንጋኖ ወይስ ወንዶ ገነት? ከሐዋሳ ቤተሰብ ይዞ ለሚወጣ

ዕቁባችን ላይ በየወሩ ከአንዷ የማይቀር ጥያቄ አለ፤ "ልጆቹን የት ይዣቸው ልሂድ? አንቺ ሁለቱንም አይተሽ የለ?" አይቻለሁ፣ ከፍያለሁም። ቡናው ሳይፈላ ከመጀመሪያው ጀምሬ ማውራት ስለሰለቸኝ እዚህ ጻፍኩት።

አቋሜን አልደብቅም። ትንንሽ ልጆችና አዛውንት ይዞ ለሚወጣ ሰው ፍል ውሃው ወንዶ ገነት። የላንጋኖን ሐይቅ ጠልቼው አይደለም፤ እሱ ነው ቦርሳዬን የማይወደው።

መንገዱን በአጭሩ። እኛ ለሁለቱም የሄድነው በሻሸመኔ በኩል ነው። ከሐዋሳ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ወደ ወንዶ ገነት ቢበዛ 15 ቢጨመር ነው። ለላንጋኖ ግን ከሻሸመኔ አርሲ ነጌሌን አልፎ በድምሩ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ትንሿ ልጄ መኪና ያጥወለውላታል። የመንገድ ርዝመት እኛ ቤት የሚለካው በፌስታል ነው፦ ወንዶ ገነት አንድ፣ ላንጋኖ ሦስት።

አሁን ወደ ብሩ። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ማግስት ስድስት ሆነን ላንጋኖ ወረድን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆችና እናቴ። ማረፊያውን ያገኘሁት ቴሌግራም ላይ ነው። ፎቶው ላይ በሣር የተከደነ ጎጆ፣ ከፊቱ አሸዋ፣ ከአሸዋው ቀጥሎ ውሃ። ግማሹን በባንክ አስገቡ አሉን፣ አስገባን። ስንደርስ የተሰጡን ሁለት ክፍሎች ከጄኔሬተሩ ጀርባ ነበሩ። ፎቶውን አውጥቼ ለእንግዳ ተቀባዩ ልጅ ባሳየው፣ ሳያፍር "ይሄ የኛ አይደለም እኮ፣ የወዲያኛው ሎጅ ነው" አለኝ። ጫማና ሽቶ በኮፒ ሲሸጥ አይቻለሁ፤ ሐይቅ በኮፒ ሲሸጥ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። ቀብዱም አይመለስም።

አንዱ ክፍል ለአንድ ሌሊት 6,800 ብር፣ ሁለቱ 13,600። ሚኒባስ በኮንትራት ለሁለት ቀን 12,000፤ ሾፌሩም ማደሪያና ምግብ ይፈልጋል፣ እሱን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ምግቡ ላይ ነው ያበድኩት። ሜኑው ዓሣ ጉላሽ 650 ይላል። ከታች በጉንዳን ጽሕፈት ሰርቪስና ቫት እንዳልተጨመረ ተጽፏል። 10 በመቶ ሰርቪስ ሲገባበት 715፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲጫን 822 ብር ከ25 ሳንቲም። ስልኬ ላይ ሦስቴ ደመርኩት። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ብሆን በዚህ ገንዘብ ሁለት ሰው ጠግቦ፣ የዓሣ ሾርባውንም ጠጥቶ ይነሳ ነበር። የሁለት ቀን ምግብ 11,200፣ ውሃ ብቻውን 960፤ አንዱን ሊትር 80 ብር ሲሸጡልን የሐዋሳው ሱቅ ናፈቀኝ። ሁሉም ሲደመር 37,760 ብር።

እሺ፣ ውሃውስ? ለዚህ ላንጋኖን አላማውም። ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ሲባል ይነገርለታል፤ ልጅ ገብቶ ይዋኛል፣ አሸዋው ላይ ጉድጓድ ሲቆፍር ይውላል። ባሕር ላጣ ሰው ከዚህ በላይ ባሕር የሚመስል ነገር በአቅራቢያችን የለም። ቡኒ ቀለሙ ቆሻሻ አይደለም፣ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ነው። ነጭ ካናቴራ ግን አታልብሷቸው፤ የኔ ልጅ የገባበት እስከ ዛሬ የሻይ ቀለም አለው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ማዕበል ይጀምራል፣ ስለዚህ ዋናው በጠዋት ይሁን። ሲመሽ ደግሞ ትንኝ አለ። አካባቢው ወባማ ነውና አጎበር መኖሩን፣ ደግሞም ያልተቀደደ መሆኑን ሳታዩ ክፍል አትቀበሉ። የኛው ቀዳዳ ነበረው፤ እናቴ ከነጠላዋ ክር መዛ ሰፋችው።

የተንሳፋፊውን ጉድ ሳልናገር አላልፍም። ከገበያ የታወቀ ስም የታተመበት የፕላስቲክ ተንሳፋፊ በ1,200 ብር ገዛሁ (37,760ው ውስጥ አላስገባሁትም፣ ንዴቱ ለብቻው ነው)። ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ስፌቱ ላይ ፈነዳ። ባለቤቴ በማስቲሽ ለጠፈው፣ ማታ ያዘ፣ ጠዋት ተላቀቀ። ኮፒ ያልሆነው፣ እውነተኛው ምርት ስፌቱ ወፍራም ነው፣ ሲታጠፍም አይሸትም፤ የኔው ገና ከላስቲኩ ሲወጣ ቤቱን በሽታው ሞልቶት ነበር፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ሐዋሳ ስንመለስ ሰፈር ያለው ጎሚስታ የከባድ መኪና ካላማዳሪ በሁለት ቦታ ለጥፎ በ250 ብር ሰጠኝ። እስከ ዛሬ አልተነፈሰም። ቫልቩ ሆድ ስለሚቧጭር በጨርቅ ጠምጥሙት። ካላማዳሪ ነፍስ አያድንም፤ አዋቂ ሰው ከልጁ በእጅ ርቀት ይቁም።

ወንዶ ገነት የሄድነው በጥቅምት፣ ክረምቱ ወጥቶ ሁሉ ነገር አረንጓዴ በሆነበት ጊዜ ነው። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ። ኮንትራቱ 5,000። ምግቡ ከቤት፦ ድፎ ዳቦ፣ ቅቅል እንቁላል፣ ድንች፣ በፔርሙዝ ሻይ። መንገድ ላይ ለልጆቹ ሸንኮራ አገዳ ገዛን፣ ሲግጡ ዋሉ። የመግቢያ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ደውላችሁ ጠይቁ፤ የኛ ግን መግቢያውም ሸንኮራውም ተደምሮ ከ9,000 ብር አልዘለለም።

የዕቁባችን ዳኛ ይህን ስትሰማ "የሁለት ቀን ወጪ ከአንድ ቀን ጋር ታወዳድሪያለሽ?" አለችኝ። እሺ፣ ሁለቴ ልሂድ፤ 18,000። አሁንም የላንጋኖው ግማሽ አይሞላም፤ በዚያ ላይ የማድረው በራሴ አልጋ ነው።

ፍል ውሃው ከምንጩ ሲወጣ ድንችና በቆሎ የሚቀቅል ነው፤ የአካባቢው ልጆች ቀቅለው ይሸጣሉ። ስለዚህ ወደ ምንጩ ስትወጡ የሕፃን እጅ አይለቀቅ። ገንዳው ጋ ሲደርስ ግን በርዶ ለብ ብሏል። እናቴ ቁርጥማት አለባት። ፏፏ ከሚለው ውሃ ሥር ጉልበቷን ይዛ ተቀመጠች፤ "እማዬ፣ ይበቃሻል" ብላት አልሰማ አለች። ግፊት ያለበት ሰው ግን ብዙ ባይቆይ ይሻላል፣ ያዞራል። ልጆቹን ከውሃው ያወጣቸው ዛፍ ላይ የታየው ጉሬዛ ነው፤ ያ ጥቁርና ነጭ ካባው! ለዚያ ማንም ሰርቪስ አይጨምርም።

እንከኑን ልንገራችሁ። አሸዋ የለም፤ ቤተ መንግሥት በአሸዋ የሚሠራ ልጅ ካላችሁ ይከፋዋል። እሑድና በዓል ላይ ገንዳው የሰርግ ድንኳን ይመስላል፤ በሥራ ቀን፣ ከቻላችሁ በማለዳ ሂዱ። ዝንጀሮና ጦጣው ደግሞ ዓይን አውጣ ሌባ ነው። ድፏችንን ግማሹን ይዞ ዛፍ ላይ ወጣ፣ ቁልቁል እያየን በላ። ክዳን ያለው ባልዲ ያዙ፣ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ከሩቅ ይሰሙታል።

"የራሳችን ሐይቅ እያለ ለምን እንደክማለን?" ለምትሉ፦ ለዓሣ፣ ለጀልባ፣ አባ ኮዳዎቹን ለማየት፣ እሑድ ከሰዓት ልጅ ለማናፈስ ሐዋሳ ሐይቅን የሚያህል የለም። ልጅ ማስዋኘት ግን አይሆንም፤ ቢልሃርዚያም ጉማሬም አለበት። አዳማ ያሉ ዘመዶቼ የሶደሬ ፍል ውሃ 25 ኪሎ ሜትር ላይ ስላለላቸው በዚህ አይጨነቁም፣ ያስቀናል።

ላንጋኖ ካላችሁ ግን፣ በተለይ ገና ልጅ ያልወለዳችሁ ሙሽሮች፣ ሂዱ፣ ማን ይከለክላችኋል። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በቪዲዮ ደውሉና "አሁን ክፍሉ በር ላይ ቆመህ ውሃውን አሳየኝ" በሉ። ካላሳየ አትክፈሉ። ዋጋው ቫትን፣ ሰርቪስንና ቁርስን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ይላክላችሁ። ጄኔሬተሩ የት እንዳለና ማታ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ጠይቁ። ክፍል ሳይዙ ለቀን ብቻ መግባት የሚፈቅዱም አሉ፤ የሚቀጥለው ጊዜ እኔ ብሄድ የማደርገው እሱን ነው፤ ከቤት ማልዶ ወጥቶ፣ ነፋሱ ሳይነሳ ዋኝቶ መመለስ።

ካላማዳሪው በረንዳዬ ላይ ተሰቅሏል። መዋስ የምትፈልግ ትምጣና ትውሰድ፤ ቫልቩ ላይ ያሰርኩትን ጨርቅ ብቻ እንዳትፈታው።