የአባቴን ዲቲ 125 ለመንገድ ላበቁልኝ መካኒክ ምስጋናዬ

ሐዋሳና አካባቢዋ ያላችሁ፣ አሮጌ የጃፓን ሞተር ያላችሁ ወይም ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ፣ ይህን አንብቡልኝ። አንድ መካኒክ ማመስገን እፈልጋለሁ። በዚያው ልጠቁማችሁ።

ሞተሩ ያማሃ ዲቲ 125 ነው። አባቴ የግብርና ባለሙያ ሳሉ አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ በጨረታ የገዙት ነው። ዲቲን የሚያውቅ ያውቀዋል። ባለ ሁለት ምት፣ 123 ሲሲ፣ ቀላል፣ ዳገት የማይፈራ ሞተር ነው። ጭቃ ውስጥ ቢወድቅ አንስተውት ይቀጥላሉ። የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1968 ካወጣው ዲቲ 1 ነው። አባቴ በዚህ ሞተር ስንት ቀበሌ እንደዞሩበት እሳቸውና መንገዱ ነው የሚያውቁት። ጉልበታቸው ሲደክም ሞተሩም ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ቆመ። በቅርቡ ግን «ቆሞ ከሚበሰብስ የሚሠራበት ሰው ይውሰደው» አሉኝ።

ደላላ ጠራሁ። ምክሩ አጭር ነበር። ቀለም ቀባው፣ ወንበሩን አልብሰው፣ ስቲከር ለጥፍበት፣ ቶሎ ይሸጥልሃል። ገበያው እንዲህ ነው የሚሄደው፣ በሰውዬው አልፈርድም። አባቴ ግን አልተዋጠላቸውም። «የሚገዛው ሰው ይዞት ገጠር ይገባል። መንገድ ላይ ቢቆምበትስ?» አሉ። ትክክል ናቸው።

በጎረቤት ጥቆማ ነው ጋሼ ጋ የደረስነው። ስማቸው እዚህ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሞተሩ ሲነሳ ነጭ ጭስ ያጨስ ነበር። ከዚያ በፊት ያየው ጋራዥ «አልቋል፣ ሌላ ሞተር ፈልጉለት» ብሎን ነበር። ጋሼ ሌላ ምንም ሳይፈቱ መጀመሪያ ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) አወጡ። በዘይት ረጥቧል። አሸተቱት። ቀጥለው የካምቢዮውን ዘይት ለኩ። ጎድሏል። ሞተሩ የቆመበትን መሬት አዩ፣ አንድ ጠብታ የለም። «ዘይቱ ጎድሏል፣ መሬት ላይ የለም። ታዲያ ማን ጠጣው?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለት ምት ሞተር ቤንዚንና አየሩ መጀመሪያ የሚገባው ከፒስተኑ በታች፣ ክራንክ ሻፍቱ ወዳለበት ክፍል ነው። በክራንኩ በቀኝ ጫፍ በኩል ፍሪሲዮኑና የካምቢዮ ዘይቱ አሉ። እዚያ ያለው ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው የጎማ ቀለበት) ሲደርቅ ሞተሩ የካምቢዮ ዘይት እየሳበ ያቃጥላል። ነጩ ጭስ የመጣው ከዚያ ነው። የግራው ሲል ሲደርቅ ደግሞ አየር ይገባል፣ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይሰጡት የሚዞርበት ፍጥነት) ያለልክ ይጨምራል፣ ፒስተኑ ግሎ ሊጣበቅ ይችላል። ጋሼ ሁለቱንም ሲሎች አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ጎማ ናቸው፣ ግን በጣት ሲጫኗቸው አይታጠፉም። «አልቋል» የተባለው ሞተር ዋና በሽታው እነዚህ ነበሩ።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ግን የዘይት ፓምፑ ነው። ያማሃ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ አውቶሉብ የሚባል ዘዴ አለው። ዘይቱ ለብቻው በራሱ ጋን ይቀመጣል፣ ፓምፑ ከቤንዚን መስጫው ኬብል ጋር ይያያዛል፣ ቤንዚን በሰጡት ቁጥር ዘይቱም ይጨምራል። የኛን ፓምፕ ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ ዘግቶት «ዘይቱን ከቤንዚን ጋር እየደባለቃችሁ ንዱ» ብሎን ነበር። እንዲህ የተደረገ ዲቲ ብዙ አይቻለሁ። ይሠራል። ችግሩ አንድ ቀን ዘይቱ ከተረሳ ነው። ያኔ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ይነክሳል።

ጋሼ «ፋብሪካው የሠራለትን፣ ሰው ለምን ይነሳዋል?» ብለው ፓምፑን ፈቱት። አጠቡት፣ የዘይት ቱቦውን በአዲስ ቀየሩ፣ መልሰው ገጠሙት። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ እያየሁ ነበር። ፓምፑ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ፈቱ። ዘይቱ አረፋ እየደፈቀ መውጣት ጀመረ። በጨርቅ እየጠረጉ ጠበቁ። አረፋው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ንጹሕ ዘይት ብቻ ሲፈስ ብሎኗን አጠበቁ። ከዚያ የኬብሉን ላላነት በቤንዚን መስጫው ስበው ፓምፑ ላይ ያለው ምልክት ከፒኑ ጋር መግጠሙን በባትሪ አዩ። አልገጠመም። ኬብሉን ትንሽ አጠበቁ፣ እንደገና አዩ። ረዳታቸው «ጋሼ፣ ደርሷል እኮ» አላቸው። «የፀጉር ታህል ይቀረዋል» አሉና ቀጠሉ። ምልክቱ ልክ ፒኑ ላይ ሲያርፍ ነው እጃቸውን ያነሱት። የመጀመሪያው ቤንዚን ላይም ለጥንቃቄ ዘይት ደባለቁበት። ፓምፑ መሥራቱን በዓይናቸው ሳያዩ ልባቸው አያርፍም።

ሲሊንደሩ በጭስ ማውጫው በኩል ተጭሮ ነበር። ስለዚህ በ0.25 ሚሊሜትር የሰፋ ፒስተን ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ታዘዘ። የመጀመሪያውን ለክተው «ልኩ አይደለም» ብለው መለሱት። ሁለተኛው ሲመጣ ነው ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት የላኩት። መጀመሪያ ፒስተኑ እጅ ይግባ፣ ከዚያ ሲሊንደሩ በፒስተኑ ልክ ይሰፋል። ብዙ ቦታ የሚሠራው ተገላቢጦሽ ነው። ሲገጥሙም ፒስተኑ አናት ላይ ያለችውን ቀስት ለረዳታቸው አሳዩት፣ ወደ ጭስ ማውጫው ማየት አለባት። ልጁ እንዲህ እያየ መማሩ በራሱ ደስ ይላል።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። ካርቡሬተሩ ታጠበ፣ ቀዳዳዎቹ በሽቦ ሳይጎረጎሩ በአየር ተነፉ። ጓርኒሲዮኖቹ ተቀየሩ። ሰንሰለቱና ሁለቱ ጥርሶች አንድ ላይ ተቀየሩ። የፍሬን ሸራ፣ የኋላ ጎማ ከነከላማዳሪያው፣ ፍሬቻ። ቀለም አልተቀባም። የአባቴ ዓመታት የጫሩት ታንከር እንደነበረ ቀረ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሮቹ ግን ጸድተው ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ተመሳከሩ። ያገለገለ ሞተር የምትገዙ ሰዎች፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እናንተም አድርጉት።

ክፍያን በተመለከተ አንድም ድንገተኛ ነገር አልገጠመኝም። የእጃቸውን ዋጋ መጀመሪያ ነገሩኝ፣ ያንኑ ተቀበሉ። ዕቃ ከመግዛታቸው በፊት ይደውላሉ፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ አሮጌውን ዕቃ በፌስታል ያስቀምጣሉ።

ለሽያጩ የመከሩኝን ደግሞ ሌላ ሰው አይመክራችሁም። «ገዢው ሲመጣ ሞተሩን አሙቀህ እንዳትጠብቀው» አሉኝ። አሮጌ ሞተር ጉዱ የሚታወቀው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። እንዲያውም «መጀመሪያ እጁን ሞተሩ ላይ አስቀምጦ ቀዝቃዛ መሆኑን ይይ፣ ራሱ ይርገጠው» አሉ። የተሠራውንና የተቀየረውን ሁሉ በእጃቸው በወረቀት ጻፉልኝ። ያልተሠራውንም ጻፉ። የፊት ሾክ አብዞርበሩ ዘይት ማንጠብጠብ ሊጀምር እንደሚችል፣ የኪሎሜትር መቁጠሪያው እንደማይታመን። እሱንም ለገዢ አሳይ አሉኝ።

የገዛው ከይርጋለም ወዲያ ባሉ ቀበሌዎች እየዞረ የሚሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። የራሱን መካኒክ ይዞ መጣ። ሞተሩን ነኩት፣ ቀዝቃዛ ነው። ሁለት ጊዜ ቢረገጥ ተነሳ። መካኒኩ ወረቀቱን አነበበ፣ የፌስታሉን ዕቃ እያወጣ አየ፣ ከዚያ «ይሄን የሠራው ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የዋጋ ክርክሩ ከዚያ በኋላ አልረዘመም። የተከፈለኝም ደላላው ከገመተው በላይ ነው። ስም አዘዋውረን ሲያበቃ ገዢው ጋሼ ጋ ደወለ። «ፒስተኑ አዲስ ነው፣ መጀመሪያ ሰሞን አታስጨንቀው፣ 500 ኪሎሜትር ስትሞላ አምጣውና የሲሊንደር ክዳኑን ብሎኖች መልሼ ላጥብቅልህ፣ ታስከፍለኛለህ ብለህ እንዳትቀር፣ አላስከፍልህም» አሉት። እኔ ሸጬ ወጥቻለሁ። እሳቸው ግን አሁንም ኃላፊነቱን ይዘዋል። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው ነው።

ለማን ይሆናሉ? ያማሃ፣ ሆንዳ፣ ሱዙኪ፣ ዕድሜ የጠገበ የጃፓን ሞተር ላለው ሰው። በተለይ የያማሃ ዲቲ እና ኤጂ 100 ላላችሁ። ልትገዙት ያሰባችሁትን ሞተር ይዛችሁ ብትሄዱም ያዩላችኋል፣ «አትግዛው» ለማለትም አያፍሩም። ለማን አይሆኑም? ነገ ይድረስልኝ ለሚል። ሥራቸው ቀስ ያለ ነው፣ ወረፋም አለ። እሑድና በዓል ቀን አይሠሩም።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። አባቴም እጅግ አድርገው አመስግነውዎታል።

ስልካቸውንና ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ስትደውሉ ከሥራ ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፣ እጃቸው ዘይት ሲሆን ስልክ አያነሱም። የሞተራችሁን ዓይነትና ምን እንደሚያደርጋችሁ በደንብ ንገሯቸው። ካጨሰ የጭሱን ቀለም ጭምር።