የበግ አይብ በፕራግ፦ ስለ አንድ የስሎቫኮች ምግብ ቤት

ፕራግ ውስጥ ዢዥኮቭ በሚባለው ሰፈር፣ ከትራሙ መስመር ሁለት ቅያስ ገባ ብሎ፣ ደረጃ ወርደው የሚገቡበት ዘጠኝ ጠረጴዛ ያለው የስሎቫኮች ምግብ ቤት አለ። ባለፈው የብርድ ወራት ሦስት ጊዜ በልቼበታለሁ፤ ሁለቱን ጊዜ ጠግቤና ተደስቼ፣ አንዱን ጊዜ ግን ተናድጄ ወጥቻለሁ። ጥፋቱንም ስለምጽፍ የቤቱን ስም ትቼዋለሁ። ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ግን በደጃፉ ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ይለየዋል፤ እኔ በሄድኩበት ሰሞን ወሩ «ፌብሩዋር» ተብሎ በጠመኔ ተጽፎበት ነበር፤ ቼኮች ያንኑ ወር «ኡኖር» ነው የሚሉት።

መጀመሪያ የወሰዱኝ ጋሼ የምላቸው አንድ የአገሬ ሰው ናቸው። በደርግ ዘመን በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ ያኔዋ ቼኮዝሎቫኪያ መጥተው ስሎቫኪያ ውስጥ ኒትራ ከተማ ግብርና ተምረዋል። ቋንቋውን ከስሎቫኮች አፍ ስለለመዱት፣ ፕራግ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቢኖሩም ቼክኛ ሲናገሩ የሰማቸው ሁሉ «ከስሎቫኪያ ነዎት?» ይላቸዋል። «በመልኬ አይደለም መቼም፣ በአፌ ነው» እያሉ ይስቃሉ። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ እኔ ይህን ቤት ከሌሎቹ የቼክ ምግብ ቤቶች ባልለየሁት ነበር፤ ቼክ አገር ያሉት ስሎቫኮች አነሰም በዛም እንዲሁ ናቸው፤ ቋንቋቸው፣ ስማቸውና መልካቸው ከባለአገሩ ጋር ስለሚቀራረብ ዓይን አይገቡም።

ወደ ምግቡ ልግባ። የቤቱ ዋና ምግብ ብሪንድዞቬ ሃሉሽኪ ይባላል። ጥሬ ድንች ተልጦ በደቃቁ ይፋቅና ከዱቄትና ከጨው ጋር ተለውሶ ይቦካል፤ ሊጡ ብዙ ቀዳዳ ባለው ብረት ላይ ተደርጎ በማንኪያ ጀርባ ሲገፋ፣ የጣት ጫፍ የምታክል እንክብል እየሆነ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። እንክብሉ ሲበስል ከላይ ይንሳፈፋል። ወዲያው ወጥቶ፣ ትኩሳቱ ሳይበርድ፣ ብሪንድዛ ከሚባለው የበግ ወተት አይብ ጋር ይታሻል፤ በላዩ በጭስ የደረቀ የአሳማ ጮማ በትንንሹ ተቆርጦ ተጠብሶ ከነቅባቱ ይፈስበታል። ብሪንድዛ ከእኛ አይብ ጋር በመልክ እንጂ በጣዕም አይገናኝም። የእኛው አይብ ከአሬራ ተነጥሮ ለስለስ ያለ፣ ጨው የሌለው ነው፤ ብሪንድዛ ግን የበግ ወተት ረግቶ አይብ ሆኖ፣ ከቆየ በኋላ ከጨው ጋር ተፈጭቶ የሚሠራ በመሆኑ እንደ ቅቤ ይቀባል፣ ምላስም ቆንጠጥ ያደርጋል። በፀደይ ከለምለም ሣር የተገኘው፣ በተለይ የግንቦቱ፣ ከሁሉ ይበልጣል ይባላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2008 «የስሎቫክ ብሪንድዛ» የሚለውን ስም በሕግ ሲጠብቅ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የበጉ አይብ ከላሙ እንዲበልጥ ደንግጓል። ይህን ደንብ ያነሳሁት በኋላ ስለምመለስበት ነው።

በመጀመሪያው ቀን የቀረበልኝ ሳህን ሊነቀፍ የሚችል አልነበረም። እንክብሎቹ አልተጣበቁም፤ ሹካ ሲነካቸው እየለየ ይነሣ ነበር። የበጉ ሽታ ሳህኑ ከጠረጴዛው ሳይደርስ ደረሰ። ጋሼ ጮማውን ስለማይበሉ «ቤዝ ስላኒኒ» ብለው አዘዙ፤ «ያለ ጮማ» ማለት ነው፣ በቼክኛም በስሎቫክኛም ያው ስለሆነ ለሚሄድ ወገን ይጠቅመዋል። በጮማው ፋንታ በቅቤ የተጠበሰ ሽንኩርት አድርገው አመጡላቸው፤ ዋጋ ግን አልቀነሱም።

አስተናጋጇ በስድሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚገኙ ሴት ናቸው፤ ለማንኛውም እንግዳ በስሎቫክኛ ብቻ ነው የሚናገሩት። ትእዛዜን ሲቀበሉ ከላይ እስከ ታች ተመልክተውኝ «ኹዲ ነዎት፣ ትልቁን ሳህን ይውሰዱ» አሉኝ። ኹዲ በቼክኛ «ድሃ» ማለት ነው። ፊቴ ሲለዋወጥ ጋሼ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ ለካ በስሎቫክኛ «ቀጭን» ማለት ኖሯል። ምግብ ዝርዝሩም እንዲሁ ወጥመድ አለው። ካፑስታ በስሎቫክኛ የታወቀው ጥቅል ጎመን ሲሆን በቼክኛ ግን ቅጠሉ የተጨማደደ ሌላ ዓይነት ጎመን ነው፤ ድንችም ለቼኩ «ብራምቦሪ»፣ ለስሎቫኩ «ዜሚያኪ» ነው። በአጠገባችን የተቀመጡ ሁለት ወጣት ቼኮች ዝርዝሩን በስልካቸው ሲያስተረጉሙ አይቼ ተገረምኩ። ጋሼ እንደነገሩኝ በተማሪነታቸው ዘመን የቼኮዝሎቫኪያ ፌዴሬሽን ቴሌቪዥን በሁለቱም ቋንቋ ይናገር ስለነበር፣ ቼኩ ሳይማር ስሎቫክኛ፣ ስሎቫኩም ሳይማር ቼክኛ ይሰማ ነበር። አገሪቱ በ1993 መጀመሪያ ቼክና ስሎቫኪያ ተብላ ለሁለት ከተከፈለች በኋላ የተወለደው ቼክ ያንን ጆሮ አላገኘም። ስሎቫኩ ግን የቼክ መጻሕፍትና ፊልሞች ስለሚደርሱት እስከ ዛሬ ይሰማል።

ሴትዮዋ ጋሼ የኒትራን አነጋገር ሲያወጡ ጊዜ ወንበር ስበው አጠገባችን አረፉ። ከማርቲን ከተማ አካባቢ በ1984 ከባለቤታቸው ጋር ሲመጡ ከአንድ አገር ከተማ ወደ ሌላው መዛወር እንጂ ስደት አልነበረም። ታኅሣሥ 31 ቀን 1992 ማታ በገዛ አገራቸው ተኝተው፣ ጥር 1 ቀን 1993 ጧት በሰው አገር ነቁ። የቼክ ዜግነት ለማግኘት የሁለት ዓመት ቋሚ ነዋሪነትና ከወንጀል ነፃ የሆነ አምስት ዓመት ማሳየት ያስፈልግ ነበር፤ እሳቸው ሳይቸገሩ ቢያገኙትም፣ ቤተሰባቸው ከስሎቫኪያ የመጣ ብዙ ሮማዎች (በአውሮፓ ተበትኖ የሚኖር አንድ ሕዝብ ነው) ግን ቼክ ምድር ላይ ተወልደው ሳለ በዚያ መስፈርት ተቸግረዋል። በ1991 ቆጠራ በቼክ ምድር ስሎቫክ ነን ያሉት 314,877 ነበሩ፤ በ2021 ያው ጥያቄ ሲጠየቅ ስሎቫክ ብቻ ነን ያሉት 96,041 ሆኑ። እርግጥ ነው፣ በኋለኛው ቆጠራ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ስሎቫክነትን ከሌላ ብሔረሰብ ጋር ደርበው ጽፈዋል፤ ጥያቄው በፈቃድ በመሆኑም ከሕዝቡ ሢሶ ገደማ ሳይመልስ አልፎታል። ሆኖም የሴትዮዋ ሁለት ልጆች በቆጠራው ቼክ ብለው እንደሞሉ ሰማሁ፤ እናትየው ይህን ሲናገሩ ቅሬታ አላየሁባቸውም፤ ይልቅስ የልጅ ልጃቸው «ዜሚያኪ» ሲሉ እንደሚስቅባቸው እየሳቁ ነገሩን። ለአንድ ቋንቋ ሕግ ከሚሰጠው ነገር አንጻር ሲታይ እዚህ ስሎቫኮች የጎደለባቸው ጥቂት ነው፤ የ2004ቱ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ ጉዳይን በስሎቫክኛ ማስረዳትና ሰነድ ማቅረብ ይፈቅዳል፣ አስተርጓሚም አያስፈልግም። ትምህርት ቤት ግን የለም። የማዕድን ከተማ በሆነችው ካርቪና የነበረው የስሎቫክኛ ትምህርት ቤት በተማሪ እጦት ተዘግቷል። ከ20 ሺህ የማያንሱ ወጣቶች ከስሎቫኪያ መጥተው በቼክ ዩኒቨርሲቲዎች መማራቸው ማኅበረሰቡን ያድሰዋል፤ ቢሆንም አብዛኞቹ ከዓመት በኋላ አነጋገራቸው እየተለወጠ ይሄዳል።

ሁለተኛው ጉብኝቴ ቅዳሜ ማታ ነበር፤ ብቻዬን ሄድኩ። ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅሁ። የመጣው ሃሉሽኪ ለብ ያለ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ ገንፎ የመሰለ ነበር። አይቡም የበግ ሽታ የሌለው፣ በክሬም የቀጠነ ነገር ሲሆን በምላሴ የቀረው ጨው ብቻ ነው። ምግብ ዝርዝሩ ላይ «የስሎቫክ ብሪንድዛ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ያ ስም ከላይ የጠቀስኩት ደንብ ያለበት ስም ነውና፣ የላም እርጎ ክሬም ማቅረብ ተራ ስንፍና አይባልም። ያላዘዝኩት ዳቦም ከሒሳቡ ላይ 35 ኮሩና ሆኖ ተገኘ። ወጣቱ አስተናጋጅ ስነግረው ትከሻውን ሰብቆ አለፈ፤ ሴትዮዋ የዚያን ቀን አልነበሩም።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የጣፋጩ ዝርዝር ነው። «የጥንት ቦሄሚያ ትርድሎ፣ በአይስክሬም» ይላል፤ ቦሄሚያ ፕራግ ያለችበት የቼክ አገር ክፍል ናት። በዘንግ ላይ ተጠቅልሎ በእሳት የሚጋገረው፣ ፕራግ ማዕከል ውስጥ በየመንገዱ ለጎብኚ የሚሸጠው ጣፋጭ ማለት ነው። ስካሊትሳ የምትባለው የስሎቫኪያ ከተማ ትርድሎዋን «የስካሊትሳ ትርድልኒክ» ብላ በ2007 በአውሮፓ ኅብረት ስሟን አስጠብቃለች፤ እሱም በስኳርና በተፈጨ ለውዝ ተለውሶ እንጂ በአይስክሬም ተሞልቶ የሚበላ አይደለም። የቼክ ነጋዴ ለጎብኚ ሲል የቼክ ቢያደርገው አልፈርድበትም፤ የስሎቫክ ቤት ግን የገዛ አገሩን ስም ፍቆ የሌላውን ሲጽፍ ያስተዛዝባል። ለሴትዮዋ በኋላ ስነግራቸው «ፈረንጆቹ ሌላ ስም ካዩ አያዙም» አሉኝ። ፈረንጅ የሚለው ቃል የእኔ ትርጉም ነው፤ እሳቸው «ጎብኚዎቹ» ነው ያሉት።

ስለ ቀሪው በአጭሩ ልናገር። ካፑስትኒጻ የሚባለው የኮመጠጠ ጎመን ሾርባ በብርድ ቀን ጥሩ ነው፤ ቋሊማ ይገባበታል። ኮርባችክ የሚባለውን እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ በጭስ የታጠነ አይብ ከሾርባው ጋር ማዘዝ ይበጃል። የዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ የሚጠበሰውን ሥጋ ይተዉት፤ ያንን የትኛውም የቼክ ቤት በተሻለ ይሠራዋል። ኮፎላ የተባለው ከ1960 ጀምሮ የሚሸጥ ጥቁር ለስላሳ ከኮካ ኮላ ስኳሩ ያነሰ፣ የቅጠላ ቅጠል ጣዕም ያለው ነው፤ ከበርሜል በብርጭቆ ይቀዳል። ቦሮቪችካ ከጥድ ፍሬ የሚወጣ አረቄ ሲሆን ጋሼ አንድ መለኪያ ለምግብ መፍጫ ይወስዳሉ። በጾም ወራት ግን ቤቱ ለጿሚ አይሆንም፤ አይብና እንቁላል ያልገባበት ምግብ ብፈልግ ያገኘሁት የተቀቀለ ድንች ብቻ ነው። ሃሉሽኪው 229 ኮሩና፣ ሾርባው 95 ነው፤ ለፕራግ ውድ አይባልም።

ለሦስተኛ ጊዜ ስመለስ ሴትዮዋን ስለ ቅዳሜው አይብ በግልጽ ጠየቅኋቸው። አልካዱም። ብሪንድዛው ከስሎቫኪያ በመኪና የሚመጣው ረቡዕ ማታ ሲሆን፣ ብዙ ሰው ከመጣ ዓርብ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ እስከ ረቡዕ ወጥ ቤቱ ባገኘው ይሠራል። ከዝርዝሩ ላይ ቢሰርዙት እንደሚሻል ስነግራቸው «ያን ጊዜ ምን እንሸጣለን?» አሉ። ቀኑ ሐሙስ ነበርና ሳህኑ እንደ መጀመሪያው ቀን ሆኖ መጣ፤ ትልቁን አዘዝኩ፣ ጠርጌም ጨረስኩት።