አሞክሳሲሊን የምትከለክለን ፋርማሲ

ጎንደር ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ወረድ ብላ ስላለችው ጠባብ ፋርማሲ ነው። ለጉንፋን ብላችሁ አሞክሳሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ልትገዙ ከሆነ አትድከሙ፤ ያለ ማዘዣ ንክች አይሰጧችሁም። እኔ የወደድኳትም በዚሁ ነው።

ሰሞኑን ከተማው ሁሉ እየሳለ ነው። ባጃጅ ውስጥ ሳል፣ ቅዳሴ ላይ ሳል። በኮሮናው ጊዜ እኮ ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ብርቱ ጉንፋን የጠፋ መስሎ ነበር። በመጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን ሲገባ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ማስክ መጣ፣ መጨባበጥ ቀረ፤ በሌላውም ዓለም እንዲሁ ሆነና ኢንፍሉዌንዛም አብሮ መተላለፊያ አጣ። ቢ ያማጋታ የሚባለው ዝርያማ ከዚያ ወር ወዲህ መኖሩ በላብራቶሪ ተረጋግጦ አያውቅም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 መስከረም ላይ ከኢንፍሉዌንዛ ክትባቱ ይውጣ አለ። የቀሩት ግን ገደቡ ሲላላ ተመለሱ። ሰዉ ለዓመት ለሁለት ዓመት ሳያገኘው ስለቆየ የሰውነቱ መከላከያ ሳስቶ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የተወለዱት ሕፃናት ደግሞ ጭራሽ አያውቁትም ነበር።

ታዲያ ሌላ ቦታ መስኮቱ ጋ ቆማችሁ «ጉንፋን» ስትሉ፣ ቃሉን ሳትጨርሱ አንቲባዮቲክ ይቀርብላችኋል። ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ የሚሠራው ባክቴሪያ ላይ ነው። ገንዘባችሁም ይሄዳል፣ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን ይለምዳል።

እናቴን ይዤ ሄድኩ። ትኩሳት፣ ቁርጥማት፣ ደረቅ ሳል። እሷ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ በቡና ጠጥታ ነበር። ፋርማሲስቱ መድኃኒት ከማንሳቱ በፊት፣

«እማማ፣ ቤት የጀመሩት ኪኒን አለ?» አላት።

የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ጎረቤት የሰጠቻትን የጉንፋን ኪኒን አወጣች። ገልበጥ አድርጎ አነበበና፣ «ይሄ ውስጥ ፓራሲታሞል አለበት፤ ሌላ ፓራሲታሞል ደርበው ከወሰዱበት ጉበትዎን ይጎዳዎታል» አላት። ቀጥሎ ስኳር እንዳለባት ጠየቀ። አለባት። «እንግዲያውስ እኔ ጋ አይቆዩ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ይይዎት» ብሎ ምንም ሳይሸጥልን ሸኘን። ኦሰልታሚቪር የሚባለው የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ሐኪም ካዘዘው፣ ሕመሙ በጀመረ 48 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ይበልጥ እንደሚሠራም ነገረን። እንደ እናቴ ስኳር ያለበት፣ አስም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አረጋዊ «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» ብሎ መተኛት የለበትም። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ትኩሳቱ ለቆ ከተመለሰ ደግሞ ማንም ይሁን ማን ይሂድ። ገዢ በራፉ ድረስ መጥቶለት ወደ ሐኪም የሚልክ ነጋዴ ስንት ታውቃላችሁ?

ጉድለትም አላት፣ አልደብቅም። መስኮቷ አንድ ነው። ሰውዬው ሁሉንም እንዲህ እየጠየቀ ሲያስተናግድ ወረፋው እስከ አስፋልቱ ይደርሳል፤ የሚያስለው ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይቆማል፣ ማስክ ያደረገ ከሱ በቀር አላየሁም። ቢያንስ ወንበሮቹን ውጭ ቢያወጡና በር ላይ ማስክ ቢሸጡ ምን ነበረበት? በየዓመቱ የሚወሰደውን የኢንፍሉዌንዛ ክትባትም ጠይቄ ነበር፣ የለም። ዝርዝር ብር ደግሞ መቼም የላቸውም።

ከሄዳችሁ ጠዋት በጊዜ ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ አይቻልም። ቤት የጀመራችሁትን ኪኒን ከነማሸጊያው ያዙ፣ ይጠይቃችኋል።